እኛ መሬት አይደለንም

አርባ ምንጭ፣ ከኩልፎ ዳር
ዓርብ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሻሺቱ፤

የጨንቻ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ? እኛ እዚህ ቆላው ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ኢሳያስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚህ ሰሞን ቤትሽ ካለው ሰው ሌላ አንባቢ የለም። ስለዚህ ገና ሳልጀምር ለሁለታችሁም ልናገር። አንቺ እንሰት እየፋቅሽ ከሆነ ለዛሬ አስቀምጪውና አረፍ በይ። አንተ ኢሳያስ ልጄ፣ ሳትቀንስም ሳትጨምርም እንደተጻፈው አንብብላት። አማትህ ፊደል የቆጠረችው ካገባች በኋላ፣ ከሳሙና ካርቶንና ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። የእጅ ጽሑፌ ቢጣመምብህ ቀስ በል እንጂ አትዝለል። መዝለል ያለብህ ቦታ ስንደርስ እኔው እነግርሃለሁ።

ሻሺቱ፣ በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በስልክ አንቺ ትቀድሚኛለሽ። እኔ ሰላምታዬን ሳልጨርስ አንቺ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አፕሉ፣ ስለ ጎረቤትሽ ላም አውርተሽ ጨርሰሽ «በይ ካርድሽ እንዳያልቅ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። የኢሳያስ ስልክ ደግሞ ከመስቀል ወዲህ ጥሪ አይቀበልም። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም።

ጉዳዬ ይህ ነው። እሑድ ንጋት ላይ ልጄ ቲጂና እኔ ወደ አዲስ አበባ እንሳፈራለን። እዚያ ሐኪሞቹ ከሆዷ እንቁላል ያወጣሉ። በዚያው ዕለት የባሏ ዘር ካልተገኘ የወጣው እንቁላል ለምንም አይሆንም። ባሏ ኢሳያስ ደግሞ ለመስቀል ወደ አንቺ እንደወጣ አልወረደም። ልጅሽን እንድትልኪልኝ ነው የምጽፈው። እየለመንኩሽ አይደለም። እስከ መጨረሻው ከሰማሽኝ ራስሽ እጁን ይዘሽ እንደምታስወጪው ስለማውቅ ነው።

በመስቀል ማግስት ቤትሽ የሆነውን ላስታውስሽ። «ዮ ማስቃላ» ብለሽ በር ላይ አቅፈሽ ተቀበልሽን። ሥጋው፣ ቆጮው፣ ዳጣው፣ ምን ጎድሎ። ጎረቤትሽ ካሳ የመጠጫ ቀንዱን በእጁ ይዞ በአማርኛ ቀልዱን ጀመረ።

«ኢሳያስ፣ ስንት መስቀል ነው እንዲህ ሁለት ሆናችሁ የምትመጡት? እዚያ ቆላ የሚድህ ነገር አይገኝም እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ቲጂም አብራ ለመሳቅ ሞከረች። አንቺ ግን አልሳቅሽም፤ ልጅሽ የተነካ መሰለሽ። በጋሞኛ እንዲህ አልሽው፦ «የልጄ ዘር ምን ይሆናል? መሬቱ ነው የደከመው። መሬት የደከመበት ሰው ሌላ ማሳ ያያል።»

ቲጂ አይገባትም ብለሽ ነው። ቲጂ ጋሞኛ ስትናገር ትኮላተፋለች እንጂ ስትሰማ አንድ ቃል አያመልጣትም፤ ጋሞኛ በሚነገርበት በሲቀላ ገበያ እኔን ተከትላ ነው ያደገችው። ተነሥታ እጇን ታጠበችና ወጣች። ኢሳያስ አንገቱን ደፋ። እኔ ቆጮዬን ማላመጤን ቀጠልኩ። የእኔ አፍ እንዲህ ነው፤ መልሱ የሚመጣልኝ ቤቴ ገብቼ ብዕር ስይዝ ነው። እነሆ መልሱ።

አንቺና እኔ በሙዝና በአፕል የተዛመድን ሰዎች ነን። ልጆቻችን ሳይተዋወቁ በፊት፣ ሲቀላ ገበያ ዝናብ ሲመጣ አንድ ላስቲክ ሥር የተጠጋጋን ጊዜ፣ አንቺ አፕልሽን፣ እኔ ሙዜን አቅፈን ስንንቀጠቀጥ አንዲት አፕል ሰጠሽኝ። ፍሬዋን ልተክላት ብል ሳቅሽብኝ። «ዘሯን ብትተክዪ እናቷን የምትመስል አታገኚም፤ ጎምዛዛ ይወጣልሻል» አልሽኝ። ከጥሩው ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ሌላ ግንድ ላይ የምታስሩት ለዚያ እንደሆነ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። እኔም ስለ ሙዝ ነገርኩሽ። ሙዝ የሚዘራ ዘር የላትም። ከእናቲቱ ሥር ልጅ ትወጣለች፣ ከልጅቱ ሥር የልጅ ልጅ። ሦስቱን አቁመን የቀረውን እንነቅላለን። እናቲቱ ፍሬዋን ሰጥታ ስትቆረጥ ልጅቱ ቆማ ትጠብቃለች። አባት የሚባል የለም።

ሰው ግን እንደ ሙዝ ከእናቱ ብቻ አይበቅልም። አንቺ እንዳልሽውም ከአባቱ ብቻ አይበቅልም።

እስቲ አስቢው። መሬት ከራሷ የምትሰጠው መልክ የላትም፤ የተዘራባትን ታበቅላለች። ገብስ ብትዘሪ ገብስ፣ ባቄላ ብትዘሪ ባቄላ። ሴት እንዲያ ብትሆን ኖሮ ያቺ የኢሳያስ የፊት ጥርስ ፍንጭት ከየት መጣች? የሟቹ ባልሽ ጥርስ እንደ አጥር ግጥም ያለ እንደነበር አንቺው ነግረሽኛል። ፍንጭቷ ያንቺ ናት። ሲስቅ በግራ በኩል የምትሰረጉደውም ያንቺ ናት። ሲያኮርፍ ስልክ ማጥፋቱን እንኳ ከማን እንደወረሰው እናውቃለን። መሬት ፍንጭት ጥርስ አታወርስም፣ ሻሺቱ።

ሴት የራሷ ዘር አላት። እንቁላል ይሏታል እንጂ እንደ ዶሮዋ ቅርፊት ያላት አይደለችም። በሰው ገላ ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ሁሉ ትልቋ እሷ ናት ይላሉ፤ ትልቅ ማለት ግን በመርፌ ጫፍ ወረቀት ነካ ቢያደርጉት የምትወጣውን ነጥብ የምታክል ናት። የወንዱ ዘር በአጠገቧ ሲታይ ጫሞ ሐይቅ ላይ እንዳለች ታንኳ ነው። የልጁ ግማሽ መልክ ከእሱ፣ ግማሹ ከእሷ ይመጣል። ስንቁ ግን ከእሷ ነው። ፅንሱ ማሕፀን ላይ እስኪጣበቅ ድረስ እነዚያን የመጀመሪያ ቀኖች የሚኖረው እሷ በቋጠረችው ስንቅ ነው። ወንዱ ድርሻውን አምጥቶ ይገባል፣ እሷ በሯን ትዘጋለች፣ ሌላ አታስገባም። ኢሳያስ፣ ወንድን መስደቤ አይደለም፤ እንዲህ ተጽፎ ስላገኘሁት ነው።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው ትይኛለሽ። ሲቀላ መናኸሪያው ጎን አሮጌ መጽሐፍ ሸራ ላይ የሚዘረጋ ሰው አለ። ስለ ሴቶች ጤና የተጻፈ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ከእሱ ገዛሁ። ያልገባኝን ይዤ ክሊኒክ የምትሠራው ነርሷ ሰሊሆም ዘንድ እሄዳለሁ። ትዕግሥቷ! መጽሐፉን በብብቴ ይዤ በሩ ላይ ስታየኝ «እማማ ጸዳለ፣ ደግሞ ፈተና አለብዎት እንዴ?» ትለኛለች። «አዎ፣ እሑድ» እላታለሁ።

ቲጂ ላይ የደረሰው የመሬት መድከም አይደለም፤ በሽታ ነው። ልጅ እያለች የወር አበባዋ ሲመጣ ሲሚንቶው ላይ ተጠቅልላ ትውል ነበር። ባሌ እንድሪያስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ይቺን ልጅ ሐኪም ይያት» ሲለኝ «የሴት ነገር ነው፣ አንተ አትግባበት፣ ስትወልድ ይተዋታል» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ስሟንም ትዕግስት ያልናት እኛው ነን፤ ታገሠች። ለካ ማሕፀን ውስጥ ብቻ መኖር ያለበት ሥጋ እንቁላሎቿ ያሉበት ቦታ ላይ በቅሎ፣ በየወሩ እየደማ፣ ደሙ እየጠቆረ እየተቋጠረ እንቁላሎቿን ሲጨርስ ኖሯል። አንቺ የምታውቂው ቀዶ ጥገና እሱን ለማውጣት ነበር። ሐኪሙ ያኔ «በሠላሳ ዓመቷ የአርባ አምስት ዓመት ሴት ያህል ነው የቀራት» አለን።

ሐኪም እንዳያያት የከለከልኩት እኔ መሆኔን ለቲጂ ከነገርኳት ቆይቷል። «እማ፣ ላንቺስ ማን ነገረሽ?» ብላ ዘጋችው። እሷ ዘጋችው እንጂ እኔ ገና ተሸክሜው እኖራለሁ። ጥፋተኛ የምትፈልጊ ከሆነ አድራሻዬን ታውቂዋለሽ፤ ከኩልፎ ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ ሙዙ መሀል ያለው ቤት። ቲጂ ዘንድ ግን ጥፋት አትፈልጊ።

አሁን ደግሞ ምራትሽ ባሏ በሌለበት ምን ስትሠራ እንደከረመች ስሚ። እንቁላል በወር አንዲት ብቻ ነው የምትደርሰው። ሐኪሞቹ ያሉትን ጥቂቶች አንድ ላይ ለማድረስ መርፌ ያዝዛሉ፤ በየማታው፣ ሳይዛነፍ፣ ሆዷ ላይ የሚወጋ። የምወጋት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ማታ መርፌውን ወደ ሆዷ አስጠግቼ ሦስት ጊዜ መለስኩት።

«እማ፣ ሙዙ ውስጥ ያን ትልቅ እባብ በዱላ የገደልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እባቡን ሆዱ ላይ አልሳምኩትማ» አልኳት። ወጋኋት።

መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን መብራት ሄዶ አልመጣ አለ፤ ፍሪጁ መቅለጥ ጀመረ። ሲቀላ ውስጥ መብራት ኖረም አልኖረ በረዶ የማያጣ ሰው ማን ነው? ዓሣ ነጋዴው ሸዋንዳኝ። ከጫሞ ጀልባዎች የሚረከበውን ዓሣ በትልቅ ሣጥን በረዶ ውስጥ ነው የሚያቆየው። መድኃኒቱን በፌስታል፣ ፌስታሉን በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

«ጸዳለ፣ ዛሬ አንቺ ነሽ እንዴ ዓሣ የምታመጪልኝ? ምንድን ነው እሱ?»

«የልጅ ልጄ» አልኩት።

ቅጠሉን አየ፣ እኔን አየ። ሸዋንዳኝ ሰባት ልጆች ያሳደገ ሰው ነው፤ ብዙ አልጠየቀኝም። «እንግዲያው ከአምባዛው ራቅ እናድርጋት፤ አምባዛ አፉ ሰፊ ነው» ብሎ በሣጥኑ ጥግ ከላይ አስቀመጠልኝ።

እኔ ግን ከላይ መሆኑ አላስደሰተኝም። ለዓሣ በረዶ በበዛ ቁጥር ይሻላል፤ ስንት ዘመን ያየሁት ይህን ነው። እሱ ዞር ሲል ጥቅሉን ፈትቼ አንዷን መርፌ ብቻ ለማታ ከላይ ተውኩና የቀሩትን በእጄ ቆፍሬ በረዶው ውስጥ ቀበርኳቸው። ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ «በረዶ ሆኖ እንዳይረጋ» የሚል እንደነበር ሰሊሆም አንብባልኛለች። ሰምቻለሁ፤ ግን የዓሣው ልማዴ በለጠኝ። አመሻሹ ላይ ስመለስ የቀበርኳቸው ሁሉ እንደ ድንጋይ ደርቀዋል።

ሐኪሙ በስልክ አልተቆጣኝም። «የረጋውን ጣሉት፣ ለዛሬ ማታ ያለችውን ውጓት፣ አንድ ማታ እንኳ እንዳታቋርጡ» አለ። ሰሊሆም እስኪመሽ ስልክ ስትደውል ቆየች፤ በማግስቱ ምትክ መድኃኒት በአውሮፕላን መጣ። ያን ዕለት ማታ ግን እኔ ቲጂን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ደግሞ እኔ፣ ደግሞ በእጄ። መርፌውን ነቅዬ ጥጥ ስይዝላት አሸተተችኝና «እማ፣ አምባዛ አምባዛ ትሸቻለሽ። ልጁ የዓሣ ክንፍ ይዞ ከመጣ አንቺ ነሽ የምታሳድጊው» ብላ መሳቅ ጀመረች። ከመስቀል ወዲህ ሳቋን የሰማሁት ያን ማታ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ሁለታችንም በጨለማው ሻማ ይዘን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ኢሳያስ፣ ያንን ሳቅ መስማት የነበረብህ አንተ ነበርክ።

ረቡዕ ዕለት አልትራሳውንድ ታየች። ሰሊሆም ማያውን ወደ እኛ አዞረችልን። ጥቁር ጥቁር ክብ ነገር ታያለሽ፤ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንዲት እንቁላል ትኖራለች ተብሎ ይጠበቃል። በግራ በኩል ምንም የለም። በቀኝ በኩል አራት።

«ሌሎች ስንት ያወጣሉ?» አለች ቲጂ።

«አሥራ አምስትም የምታወጣ አለች» አለቻት ሰሊሆም። አልዋሸቻትም። «የሚወለደው ግን ከአንዷ ነው።»

ቲጂ ማያው ላይ እንዳፈጠጠች «ስንት ጊዜያቸው ነው? አሁን በመርፌው የተሠሩ ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

«አይደሉም። መርፌው አደረሳቸው እንጂ አልሠራቸውም። ወንድ በየቀኑ አዲስ ይሠራል፤ ሴት ግን ያላትን ይዛ ነው የምትወለደው። ያንቺዎቹ የተሠሩት አንቺ ራስሽ እማማ ጸዳለ ሆድ ውስጥ ሳለሽ ነው።»

ይህን መጽሐፉ ላይ አንብቤው ነበር፤ አንብቤ አልፌዋለሁ። እዚያ ማያ ላይ ሳየው ግን ወንበር ፈለግሁ።

ቲጂን ያረገዝኩ ጊዜ እንድሪያስ ወባ ጥሎት ነበር። ሙዙን ከኩልፎ ዳር እስከ መኪናው መንገድ በጀርባዬ የማወጣው እኔ ነበርኩ። አንድ ግንድ ሙዝ ተሸክማ፣ ሆዷን ይዛ፣ ጭቃው ውስጥ የምትወጣ ሴት አስቢ። ጀርባዬ ላይ ሙዝ፣ ሆዴ ውስጥ ቲጂ፣ ቲጂ ውስጥ ደግሞ እነዚህ አራቱ። እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ እንደ ማሳዬ ሙዝ ሦስቱም በአንድ ሥር ቆመን። ያኔ ሁለት ነፍስ ያለኝ መስሎኝ ነበር የምጠነቀቀው። የልጅ ልጄን ከአሁን በፊት አንድ ጊዜ ተሸክሜዋለሁ፣ ሻሺቱ፤ ያንን ዳገት አብሮኝ ወጥቷል።

ይህ የእኔ ብቻ አይደለም። ኢሳያስን የሆነችው እንቁላል አንቺ እናትሽ ሆድ ውስጥ ሳለሽ የተሠራች ናት። እናትሽ በዚያ ብርድ ከምንጩ እንስራ ተሸክማ ስትወጣ እንደኖረች ነግረሽኛል፤ በእርግዝናዋም አላረፈችም ብለሽኛል። ኢሳያስን ተሸክማ ነበር የምትወጣው። እናትሽን አሁን መሬት ብለሽ ልትጠሪያት ትችያለሽ? እኔ አልችልም።

ኢሳያስ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለው አንድ አንቀጽ ያንተ ነው። ድምፅህን ሳታሰማ አንብበው። እናትህ ምን ይላል ካለችህ የእጅ ጽሑፏ አልነበብ አለኝ በላት።

ልጄ፤ ቲጂ ነግራኛለች። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ዘርህ የሚመረመርበትን ያን ትንሽ ብልቃጥ ይዘህ ክፍሉ ውስጥ እንደገባህ፣ ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ትተህ በሌላው በር እንደወጣህ፣ እሷም ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቅህ እንደዋለች። አልስቅብህም። ቀኑን ሙሉ ብረት ስትበይድ እሳቱን የማትፈራ ሰው ነህ። የፈራኸው ውጤቱን ነው። በአንተም በኩል ጉድለት ቢገኝ እናትህን እንዴት ቀና ብዬ አያለሁ ብለህ ነው። ለዚህ ነው መስቀል ላይ እናትህ መሬቱ ደከመ ስትል አንገትህን የደፋኸው፤ ቃሏ መጠለያ ሆነልህ። ቲጂ ሰምታ ወጣች፤ ያንን ብልቃጥ ግን ለማንም አላነሣችም። ለእኔም የነገረችኝ ሰሞኑን ስጨቀጭቃት ነው። ሰሊሆምን ስለ አንተ ሳይሆን እንዲያው ጠየቅኳት። ጥቂት ቢሆን፣ ደካማም ቢሆን፣ ጤነኛ አንድ ከተገኘ ሐኪሙ ራሱ በቀጭን መርፌ እንቁላሏ ውስጥ ያስገባዋል። ምንም ባይገኝ እንኳ ሁለት ሆናችሁ ታውቁታላችሁ። አንተ ነገም አዲስ ዘር ይኖርሃል፤ እሷ ግን ያሏት እነዚህ ናቸው። እንቁላል ከተለቀቀች በኋላ ከአንድ ቀን ብዙም አትቆይም። ቲጂም ከእንግዲህ ኮሪደር ላይ ብዙ የምትቆይ አይመስለኝም። ለእናትህ አልነግራትም፤ መንገሩ ያንተ ነው።

አሁን ድምፅህን አንሣ።

ሻሺቱ፤ ልጄን አትወጃትም ብዬ አላውቅም። ሆዷን የተቀደደች ጊዜ ከደጋ ቅቤ ይዘሽ ወርደሽ፣ ራሷን ቀብተሽ፣ ሌሊቱን እግሯ ሥር የተኛሽው አንቺ ነሽ። እኔ ደክሞኝ ስተኛ አንቺ ነቅተሽ ነበር። መስቀል ላይ ያን ቃል የተናገረችው ሴት እና እግሯ ሥር የተኛችው ሴት አንድ ናቸው፤ እኔ የምጽፈው ለሁለተኛዋ ነው።

ነገሩ ከሃይማኖት ይጋጭ ይሆን ብለሽ እንደምትሰጊም አውቃለሁ። የንስሐ አባቴን ጠይቄአቸዋለሁ። «ባልና ሚስት ናቸው? ከሁለቱ ሌላ ሰው አልገባበትም?» አሉኝ። አልገባበትም አልኳቸው። «እንግዲያ ጸልዩ፤ እኔም አስባችኋለሁ» ብለው ሸኙኝ።

ላይሳካ ይችላል። ሐኪሙ አልሸሸገንም። አራቱ ሁሉ እንቁላል ላይገኝባቸው ይችላል፣ የተገኘው ላይፀንስ፣ የፀነሰውም ላይጣበቅ ይችላል። ይህን ሁሉ አውቀን ነው የምንሄደው። እኔ ግን አልፈራሁም። ከእነዚህ አንዷ ልጅ ብትሆን ያንቺን ፍንጭት ጥርስ ይዛ ብትመጣ ደስ ይለኛል። አንዷም ባትሆን ቲጂ ያላትን ሁሉ ሰጥታ ተመልሳ ትመጣለች። ያኔም መሬት አልነበረችም፤ ያኔም ማንም ሌላ ማሳ ያያል ተብሎ በፊቷ አይነገርም። እኔ ባለሁበት ማዕድ ከተነገረ ደግሞ ከእንግዲህ ቆጮዬን አስቀምጬ እነሣለሁ።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ኢሳያስ የኔን ቃል ሊሰማም ላይሰማም ይችላል፤ ያንቺን ግን ሰምቶ አይቀመጥም። «ሂድ» በይው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሚኒባስ ነጂው ፈቃደ ነው። ነገ ቅዳሜ ገበያው ሲበተን ይወርዳል፤ የጋቢናውን ቦታ ባዶ እንዲይዝ ነግሬዋለሁ። ወፍራም ሰው ቢለምነውም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። አብሮ የመጣው ሙዝ ከራሴ ማሳ ነው። ገና ጥሬ ነው፤ ከእሳቱ ዳር በጆንያ ሸፍኚው። አፕል እንዳትልኪልኝ፤ ስትመጪ ራስሽ ታመጪዋለሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ኢሳያስ፣ ይህንንም ጮክ ብለህ አንብብ። ሻሺቱ፣ ልጅሽ ሲያነብልሽ አንድ ቦታ ላይ ረዘም አድርጎ ዝም ብሎ ከነበረ የእጅ ጽሑፌን አትውቀሺ። እሱንም እዚያው ይዘሽ አትጠይቂው። ነጠላሽን ደርበሽ እስከ መኪናው ሸኚው። መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ጉልበትሽም ቀስ ያሰኝሻል፤ የፈቃደ መኪና ዘንድ ሳትደርሱ ራሱ ይነግርሻል። ሲነግርሽ እናቱ ሁኚለት።

እሑድ ንጋት ከልጅሽና ከልጄ ጋር ሲቀላ መናኸሪያ የምሳፈረው፣
እህትሽ ጸዳለ